ቁጭ በሉ አትበያቸው

ውድ ልጄ ኢልሊ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት እንደከረምሽማ አውቃለሁ። የሚለየን የቀርከሃ አጥር ነው፤ እናትሽን ስታገላብጪ የአልጋው ሲጥሲጥታ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ሰላምታውን ልተወውና ወደ ነገሬ ልግባ።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሽማግሌዎች ይመጡብሻል። የላካቸው ባለቤቴ ሀብቱ ነው። የእድራችን ዳኛ አቶ ወንድምአገኝ ከፊት ይሆናሉ። ከናንተም ቤተ ክርስቲያን አቶ ሌንጂሳን ለምነው ይዘዋቸዋል፤ እሳቸውን እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ ያውቃሉ። የሚለምኑሽ ስለ ልጄ ስለ ሕብረት ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሽውን አቤቱታ እንድታነሺላት። እኔ ደግሞ የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ቁጭ በሉ አትበያቸው።

የሽማግሌን ደንብ ታውቂዋለሽ፣ ግን አንቺ ደብተርሽ ላይ ተደፍተሽ ያደግሽ ልጅ ነሽና ልድገምልሽ። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ነው የሚለምን። "የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም" ይላል። ፀሐዩ ሲከርር፣ ከዘራ የያዘ ሰውዬ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው አንጀቱ አይችልም፤ "ኧረ አባቶቼ ቁጭ በሉ" ይላል። ያን ጊዜ አለቀ። ወንበር የሰጠ ግማሹን እሺ ብሏል፣ የቀረውን ከተቀመጡ በኋላ ያስጨርሱሻል። አንቺ ደግሞ ሆደ ባሻ ነሽ፣ ከልጅነትሽ አውቅሻለሁ።

"ምን ዓይነት እናት ናት፣ በልጇ ላይ የምትመክር?" ትይ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። መልሱን እየጻፍኩ ልፈልገው።

በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ወደዚህ ወደ አሶሳ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። እናትሽ ጠጂቱ ደግሞ ከወለጋ ተድራ መጣች። እኔና እሷን ያገናኘን ወባ ነው። ሕብረትን በወለድኩ ሰሞን ወባ ጥሎኝ ወተቴ ሲደርቅ፣ ጠጂቱ አንቺን በአንድ ጡቷ፣ ሕብረትን በሌላው ይዛ አጠባቻት። አማርኛዋ ያኔ ገና ነበር፣ እኔም ኦሮምኛ አላውቅ፤ እንዲያው በእጅ እየተጠቋቆምን ተግባባን። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ቀዳዳ ያላለፈ ነገር የለም፣ ጨው፣ ክብሪት፣ የጎመን ቅጠል፣ የታመመ ልጅ። አሁን ቀዳዳውን በሽቦ ማሰርሽን አይቻለሁ። ደግ አደረግሽ።

ሁለታችሁም በአንድ ዓመት ተመረቃችሁ። አንቺ ሸርቆሌ፣ የስደተኞቹ ካምፕ ክሊኒክ ሥራ አገኘሽ፤ ሕብረት ቤት ቀረች። ቅናት እኮ ጉንፋን አይደለም፣ ሲይዝ አያስነጥስም። አላወቅሁባትም። ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ናት፣ ብቻዋን ትስቃለች፤ እኔ ደግሞ ተጫወተች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ "የአሶሳ ሹክሹክታ" የሚባለው የቴሌግራም ቻናል ስንት ነገር እንደጻፈብሽ አንቺው ታውቂዋለሽ። "የሸርቆሌዋ ሙሽራ" ብሎ ስም አወጣልሽ። ፎቶሽን ከአለቃሽ ፎቶ ጋር አጣብቆ ሥራውን በምን እንዳገኘሽ ጻፈ። የባጃጅ ልጆች በዚያ ስም ይጠሩሽ ጀመር። ከመዘምራን ቀረሽ። ለልጃችን ሽማግሌ ልከን እንጠይቃት ይሉ የነበሩት ሰዎች ድምፃቸው ጠፋ። ቅዳሜና እሑድን ሳይቀር እዚያው ካምፕ ማደር አመጣሽ። ጠጂቱ "ልጄ ከሳችብኝ፣ ምግብ አትበላም" ስትለኝ "ሥራው ነው፣ አብሽሪ" አልኳት። ማን እንደሚጽፈው አላውቅም ነበር፣ ማርያምን! ግን ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሕብረት ስልኳን ይዛ መጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንቺ ስትራመጂ ከኋላሽ የዳክዬ ድምፅ ገብቶበታል። "ተይ፣ ነውር ነው!" አልኳት። ነውር ነው እያልኩ ግን ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። ልጄ እናቷ ስትስቅ አይታ ቀጠለች፤ ሌላ ምን ፈቃድ ያስፈልጋታል?

የመጋቢቱ ነገር የሆነ ዕለት፣ ሲመሽ፣ አስረሳሽ እየሮጠች መጣች። ጎረቤታችን አስረሳሽን ታውቂያታለሽ፣ ወሬ እግሯን ያቀለዋል። ያን ቀን ግን ወሬ አልነበረም፣ ፊቷ አመድ ለብሷል። ስልኳ ላይ ያንቺ ፎቶ አለ፣ ከጎኑ ሻማ፣ ከሥሩ "ዛሬ ረፋድ ላይ በሸርቆሌ መንገድ በደረሰ የመኪና መገልበጥ አደጋ እህታችን ኢልሊ አርፋለች፣ ነፍስ ይማር" ይላል። ሰው ሁሉ ከሥሩ እያለቀሰ ነው። ደወልን፣ ስልክሽ ዝግ ነው። ካምፑ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መብራትም ሲሄድ፣ እንዲህ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሻማ ያየ ዓይን ኔትወርክ አያስታውስም።

የሴቶቹን እድር የምመራ እኔ ነኝ፣ መርዶም የምናገር እኔ ነኝ። መርዶ ማታ አይነገርም። "ትብላ፣ ትተኛ፣ ሲነጋጋ እንነግራታለን" ተባባልን። በአጥሩ በኩል ጠጂቱ ሳህን እያጠበች ስትዘምር ይሰማኛል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ገብቶ እሷን መጠየቅ ማን አስቦ! መርዶ የምትነገርን እናት "ልጅሽ ደውላልሽ ነበር ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በኛ ዘንድ የለም።

ሲነጋጋ ከቤት ስወጣ ሕብረትን ቀሰቀስኳት። "ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ፣ እህትሽ ኢልሊ..." ብዬ መጨረስ አቃተኝ። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበች ዝም አለች። ሐዘን አደነዘዛት ብዬ ተውኳት።

ጠጂቱ በሩን ስትከፍት ሁላችንንም አየችን። በዚያ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ የማያውቅ የለም። "ማን ነው?" አለች። "ጠጂቱ፣ እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ። ኢልሊ መኪና ተገልብጦባት..." አልኳት። አላለቀሰችም። እጇን አወዛወዘች። "አይደለም። አናግራኛለች" አለች። "ማታ፣ ሲመሽ አናግራኛለች። ነገ እመጣለሁ ብላኛለች።"

ኢልሊዬ፣ እኔ ብዙ እናት አርድቻለሁ። "አሁን አናግሬው!" የማትል እናት የለችም። ስለዚህ አልሰማኋትም። ጽሑፉ ረፋድ ላይ ሞተች ይላል፣ እሷ ማታ አናግራኛለች ትላለች። ሁለቱን ለማስተያየት ምን ትምህርት ያሻል? እኔ ግን ሁለት እጇን ይዤ "አይዞሽ እቴ፣ እናት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጋት፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አልኳት። "አናግራኛለች እኮ ውዴ!" አለችኝ፣ እየለመነችኝ። እንድታምን ብላ አስረሳሽ ስልኩን አውጥታ ሻማውን አሳየቻት። ያን ጊዜ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። እጄ ላይ ወደቀች።

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እሷን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። እኔ ልከተላት ይገባኝ ነበር፣ ግን አስከሬን ይመጣል ተብሎ ድንኳን ማስተከል አለ፣ ድስት ማስጣድ አለ። ባለ እድር አይደለሁ! ጉድ ጉድ ስል ዋልኩ። እኩለ ቀን ላይ አንቺ ከሸርቆሌ ሚኒባስ ወርደሽ በእግርሽ መጣሽ። ስልክሽ ባትሪው አልቆ እጅሽ ላይ ነው። ከማንጎው ሥር ድንኳኑን ስታዪ ሻንጣሽን መሬት ላይ ጣልሽው። ሰዉ አንቺን አይቶ ደርቆ ቀረ፣ አንዷ ሴትዮ "በስመ አብ!" ብላ ጮኸች። አንቺ ግን ማንንም አላየሽም። ደጃችሁ ላይ ድንኳን ካለ ማን እንደሞተ የገባሽ መስሎሻል። ደረትሽን እየደቃሽ ቀጥ ብለሽ ወደኔ መጣሽ። እናትሽን ከልጅነትሽ "አዮ" እንዳልሻት ነው፣ በወለጋዎቹ ወግ። "እማ ውዴ፣ አዮ ናት? አዮ ናት የሞተችው?" አልሽኝ።

ምን ልበልሽ? የሞትሽው አንቺ ነሽ ልበልሽ? አስረሳሽ ናት "ሆስፒታል ናት፣ አለች፣ አለች" ብላ ይዛሽ የሄደችው።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ወንዶቹ "ማን ነው ይኼን የሠራ!" እያሉ ሲፎክሩ፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፎቶሽ ጥግ ላይ የተቆረጠ ትከሻ አለ፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰ። የኔ ትከሻ ነው። የተመረቃችሁ ዕለት እኔ ሳሎን ተደግፈሽኝ ሕብረት ናት ያነሳችን። ያ ፎቶ ደግሞ ከሕብረት ስልክ ወጥቶ አያውቅም። "እማ ዓይኗን ጨፍናበታለች" ብላ እየሳቀች ለማንም ሳትልከው የቀረ ነው። ቀና ብዬ አላየሁም። ስልኩን ለሚቀጥለው ሰው አቀብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ሕብረት እንደ ጠዋቱ ተኝታለች። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

"ቀልድ ነበር እማ" አለችኝ። "የፈረንጆቹ የውሸት ቀን ነው። ጠዋት አፕሪል ዘ ፉል ብዬ ላጠፋው ነበር።"

"እሺ፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣስ? ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አፈርኩ" አለችኝ።

አይ ልጄ! አልጋው አጠገብ ነበርኩ እኮ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ እናትሽ ዛሬ በእግሯ ገበያ ትሄድ ነበር። በጥፊ ልላት እጄን አነሳሁ፤ እጄ አየር ላይ እንዳለ ያው እፍረት እኔንም ያዘኝ። የባለ እድሯ የውድነሽ ልጅ ናት እንዲህ ያደረገችው ሊባል ነው ብዬ አሰብኩ። እጄን አወረድኩ፣ በሩንም ዘጋሁት። ልጄን በተናገርኩበት አፍ የምነግርሽ ነው፣ እኔም ያው ነኝ።

ፖሊስ የስልክ ቁጥሩን ተከትሎ እኛ ቤት ሲደርስ ሀብቱ የሕብረትን ስልክ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀብሮት ነበር። "ስልኳ ገበያ ውስጥ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ሌላ ሰው ነው የሚጠቀምበት" አላቸው። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፣ ትሑት። ወደኔ ዞረች። "እውነት ነው እማማ?" "እውነት ነው" አልኩ። ሕብረትን ሲወስዷት ተከትዬ ጣቢያ ሄጄ ፈረምኩም። ልወጣ ስል ቀስ ብላ "ይኼ ቀልድ አይባልም እማማ" አለችኝ። "የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ የሚባል አለ። ሰውን በኢንተርኔት ያስጨነቀ፣ ስሙን ያጠፋ ይታሰራል፣ ለዓመታት የሚያሳስር ጉዳይ ነው። በሐሰት ቃሉን የሰጠም ይጠየቃል።" ልጅቱ እኔን ለማዳን ነበር የነገረችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ሕብረትም በዋስ ተለቀቀች።

በቀደም ከገበያው ጀርባ አንድ ሰው አርፎ "ውድነሽ ታርዳ" ብለው ላኩብኝ። አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ የሰው በር አንኳኳለሁ?

አሁን ሽማግሌዎቹ የሚሉሽን ልንገርሽ፣ ሀብቱ ሲያስጠናቸው ሰምቻለሁ። አቶ ወንድምአገኝ "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ይሉሻል። "ስልኳ ጠፍቶባት ነው፣ ልጅቷ የለችበትም፣ ግን ስሟ ስለተነሳ ተጨንቃለችና ማሪያት" ይሉሻል። ስልኩ እስካልተገኘ አንቺም አቤቱታሽን ካነሳሽ ነገሩ ይላላል ብሎ አንድ ጉዳይ አዋቂ መክሮታል። ከዚያ ደግሞ "የአንድ ጡት ልጆች ናችሁ" ይሉሻል። እዚህ ላይ ነው እኔ ከጓዳ ሆኜ ፊቴን በእጄ የሸፈንኩት። ጠጂቱ ያጠባችውን ወተት ጠጂቱን ለጣለች ልጅ መለመኛ ሊያደርጉት! አቶ ሌንጂሳ "ሰባ ጊዜ ሰባት" ይሉሻል። እሳቸው ስለ ጆንያው አያውቁም፣ ቅን ሰው ናቸው፣ አትቀየሚያቸው።

ዕርቅ ጠልቼ እንዳይመስልሽ። በዚህ በኛ ክልል በዕርቅ ስንት ደም ቆሟል። ግን ዕርቅ "በድያለሁ" ካለ ሰው ነው የሚጀምረው። የኛዎቹ "አልበደለችም፣ ግን ይቅር በያት" ሊሉ ነው የሚመጡት። ይኼ ዕርቅ ሳይሆን አንቺን ሁለተኛ መግደል ነው፣ የመጀመሪያው በሻማ፣ ይኼኛው በምርቃት።

ትናንት ሀብቱ እርሻ ሲወርድ ጆንያውን ገልብጬ ስልኩን አወጣሁት። ማሽላውን መልሼ ስሰፍር ሕብረት በር ላይ ቆማ ታየኛለች። "ነገ ጠዋት፣ ዓርብ፣ ጣቢያ እሄዳለሁ" አልኳት። "ስልኩን እሰጣቸዋለሁ። አረንጓዴ ቀሚሴንም ይዤ እሄዳለሁ። መዋሸቴንም እነግራቸዋለሁ። እኔንም የሚያስጠይቅ ከሆነ ይጠይቁኝ።" ትጮኻለች፣ "አንቺ እናት አይደለሽም" ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "ስንቅ ታመጭልኛለሽ?" አለችኝ።

"በየቀኑ" አልኳት።

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ልጄ ናት ኢልሊ፣ አልክዳትም። እስር ቤት በር ላይ ሳህን ይዤ እቆማለሁ። አሁን፣ ዓርብ ሊነጋ ሲል፣ ይኼን ስጽፍ ጫማዋን ጠርጋ በሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች። አብራኝ ልትመጣ ይሁን ወይስ ልትጠፋ፣ አልጠየቅኳትም። ሀብቱ ገና አልሰማም፤ ሲሰማ ይኼ ቤት ቤት አይሆንም። ይሁን።

ስለዚህ እሑድ ሲመጡ ስልኩ ፖሊስ እጅ ነው፣ ይኼን እወቂ። ቢቆሙም ይቁሙ። ፀሐይ ቢመታቸው ማንጎው ጥላ አለው። ውሃ ስጫቸው፣ ወንበር ግን አትስጫቸው። ይቅር በይኝም አልልሽም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ የኔ ወለምታ ደግሞ የናትሽን እጅና ምላስ ወስዷል። ይቅርታው ያንቺ ነው። አንድ ቀን ብትሰጪ በራስሽ ሰዓት ስጪ፣ ብትነፍጊም ማንም አይፈርድብሽም።

ደብዳቤውን በአስረሳሽ እጅ ነው የምልከው፣ ቀዳዳው ስለታሰረ። እሷም ከዚያን ቀን ወዲህ ወሬ ትታለች፣ ታመጣልሻለች።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ሐኪሞቹ ለጠጂቱ የቀራት አንድ ቃል ነው ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ማንም ባይነግረኝ እንኳ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ውሃ ስታጠጫት ትለዋለች፣ ስታጥቢያት ትለዋለች፣ ሲነጋጋ ደግሞ ማንም ሳያናግራት ትለዋለች። "አናግራኛለች። አናግራኛለች።" አንቺም "አዎ አዮ፣ ይኸው መጥቻለሁ፣ አጠገብሽ ነኝ" ትያታለሽ። እሷ ግን አታቆምም። ላንቺ አይደለም የምትለው፣ ልጄ። ያላመነቻት ሌላ ሰው ናት።

ይኼን አንብበሽ ስትጨርሺ ጆሮዋ ሥር ጠጋ በይና አንዲት መልእክት አድርሺልኝ። "ውድነሽ 'አዎ፣ አናግራሻለች' ብላለች" በያት።

ከአጥሩ ወዲህ፣
ውድነሽ